ካርዱ ላይ የማይጻፈው ፊደል

በእርግዝና ክትትል ካርድ ላይ ከደም ግፊቱ፣ ከሄሞግሎቢኑ፣ ከኤችአይቪና ከቂጥኝ ውጤቱ ጎን አንዲት ቃል ትጻፋለች፤ ሄፓታይተስ ቢ «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጋቲቭ»። ቃሏ የምትመጣው ጥቂት ጠብታ ደም ወይም ሴረም መመርመሪያው ላይ ተንጠባጥቦ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተጠብቆ ከሚታይ ቀጭን መስመር ነው። መስመሩ የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን ፕሮቲን፣ በላብራቶሪ አጠራር ኤስ አንቲጅን፣ በእናትየዋ ደም ውስጥ አለ ይላል። ስንት ቫይረስ እንዳለ፣ ከየትኛው ዘር እንደሆነ፣ የትኛው ፊደሉ እንደተለወጠ ግን አያውቅም።

እኔን የሚከነክነኝ ይኸው የማያውቀው ክፍል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ «ፖዘቲቭ» የተባሉ ሁለት ነፍሰ ጡሮች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ፣ የያዙት ቫይረስ ግን በጠባዩ ለየቅል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ደግሞ የሚቀጥለውን ምርመራ እንዴት ማንበብ እንዳለብን ይወስናል።

ስለ ፊደሎቹ ከማውራቴ በፊት ለምን እርግዝና ላይ እንዳተኮርኩ ልናገር። ጤነኛ አዋቂ ሰው በዚህ ቫይረስ ሲያዝ ከ100 ሰዎች ቢያንስ 95ቱ በራሳቸው አቅም ያስወግዱታል። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ግን ከ10 ዘጠኝ ጊዜ ይዞት ያድጋል፤ የጉበት መጠንከሩም ሆነ ካንሰሩ የሚመጣው ጎልምሶ፣ ቤተሰብ መሥርቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩትን ሰዎች 254 ሚሊዮን፣ በዚያው ዓመት የሞቱትን ደግሞ 1.1 ሚሊዮን ብሎ ገምቷል። እኛ ዘንድ ጉበት ሲነሣ «የወፍ በሽታ» ትዝ ይለናል፤ ዓይን ቢጫ ሲሆን ማለት ነው። ችግሩ አብዛኞቹ ቫይረሱን የያዙ እናቶች ዓይናቸው አንድም ቀን ቢጫ ሆኖ አያውቅም። ቢጫ ዓይን የሚጠብቅ ሰው ብዙዎቹን ሳያያቸው ያልፋል።

ቫይረሱ የተጻፈበት ጽሑፍ አጭር ነው። ሙሉው 3,200 ያህል ፊደል ብቻ ነው፤ ኤችአይቪ እንኳ ከ9,000 በላይ ነው ያለው። በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ አራት ጂኖች ተቀምጠዋል፤ እርስ በርሳቸውም ይደራረባሉ። የሽፋኑን ፕሮቲን የሚያዘው ጂን ሙሉ በሙሉ ያለው ቫይረሱን በሚያባዛው የኤንዛይም ጂን (ፖሊመሬዝ) ውስጥ ነው። ያንኑ ፊደል አንድ ቦታ ፈቀቅ ብለው ሲጀምሩት ሌላ ቃል ይሆናል። ከሰምና ወርቅ የተሻለ ምሳሌ ለዚህ አላገኘሁም። ኅብረ ቃሉ አንድ ነው፤ ንባቡ ሁለት። አንዷን ፊደል የነካ ሰሙንም ወርቁንም ይነካል። ይህን ነገር ስለ መድኃኒት ስናወራ እንመለስበታለን።

ፖሊመሬዙ ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ የተሳሳተውን ተመልሶ የሚያርምበት መንገድም የለውም። በአንድ ሰው ጉበት ውስጥ በቀን ከመቶ ቢሊዮን በላይ አዳዲስ ቅንጣቶች ሊመረቱ ስለሚችሉ፣ እያንዳንዷ ፊደል በየቀኑ የሆነ ቦታ ትለወጣለች ማለት ይቻላል። አብዛኛው ለውጥ ቫይረሱን ይገድለዋል፤ ጥቂቱ ይተርፋል። የተረፈው በሺዎች ዓመታት ውስጥ ሲጠራቀም ነው ዛሬ ጂኖታይፕ የምንለውን ዘር የሠራው።

እ.ኤ.አ. በ1988 ኦካሞቶና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ 18 ሙሉ የቫይረስ ጽሑፎችን አስተያዩ። ልዩነታቸው ከ8 በመቶ በላይ የሆኑትን ለያይተው አራት ወገን አገኙ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ አሏቸው። ዛሬ እስከ ጄ ድረስ አሥር ደርሰዋል። የመጨረሻው ከአንድ ጃፓናዊ ብቻ የተገኘ ስለሆነ ብዙዎች «አሥረኛ» ለማለት ያመነታሉ። በየወገኑ ውስጥ ከ4 እስከ 8 በመቶ የሚለያዩት ንዑስ ወገን ይባላሉ፤ ኤ1፣ ኤ2፣ ዲ1፣ ዲ2 እየተባሉ ይቆጠራሉ። መልክዓ ምድራቸው ግልጽ ነው። ቢ እና ሲ የምሥራቅ እስያ ናቸው፤ ጂኖታይፕ ኢ የምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ኤ1 የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ፣ ዲ ከሜዲትራኒያን እስከ መካከለኛው ምሥራቅና ሕንድ የተዘረጋ ነው። ኢትዮጵያ የኤ1 እና የዲ መገናኛ ናት፤ እንደ ቀይ ባሕር ንግዷ። ከዲ ወገን ዲ2 ይገኛል፤ በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ ናሙናዎች ተለይቶ ዲ10 የሚል ስም የተሰጠው አለ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፤ የዚህ ቫይረስ ስም አወጣጥ ሰው ለማደናገር የታቀደ ይመስላል። «ጂኖታይፕ ኢ» እና «ኢ አንቲጅን» አይተዋወቁም። «ጂኖታይፕ ኤ» እና ክትባቱ የሚያነጣጥርበት «ኤ ዲተርሚናንት» እንዲሁ። ከዚህ በኋላ «ኢ» ስል የማወራው ስለ አንቲጅኑ ነው።

ኢ አንቲጅን ቫይረሱ በብዛት ሲራባ ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን ነው። ቫይረሱ ያለ እሱ መኖር ይችላል፤ ስለዚህ ዋና ሥራው የሰውነትን መከላከያ ማዘናጋት ነው ተብሎ ይታሰባል። የእንግዴ ልጅን አልፎ ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ ሕፃኑ ቫይረሱን እንደ ባዕድ እንዳያየው የሚያለማምደው እሱ ነው የሚል ጠንካራ ግምት አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ታይዋን ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች ኢ ፖዘቲቭ የሆኑ እናቶች ያለ ክትባት ከ10 ልጆች ሰባቱን፣ ስምንቱን፣ ዘጠኙን ያስይዙ ነበር። ኢ ኔጋቲቭ የሆኑት የሚያስይዙት በጣም ያነሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ «ኢ ፖዘቲቭ አደገኛ፣ ኢ ኔጋቲቭ ቀላል» የሚለውን ሚዛን ይዞ ቆየ።

ሚዛኑ የተሠራው ግን በእስያ ቫይረስ ነው። ጂኖታይፕ ሲ የያዘው ሰው ኢ አንቲጅኑን የሚያጣው ዘግይቶ ነው። በአላስካ ነባር ሕዝቦች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ክትትል፣ ሲ የያዛቸው ግማሾቹ ኢ ያጡት በ48 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የሌሎቹ ወገኖች ግማሾች ግን 20 ዓመት ሳይሞላቸው አጥተውታል። ልዩነቱን በወሊድ ዕድሜ መዝኑት። ሲ የያዛት ሴት መላ የመውለጃ ዘመኗን ኢ ፖዘቲቭ ሆና ልታሳልፍ ትችላለች። ኤ1 ወይም ዲ የያዛት የእኛዋ ሴት የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ አብዛኛውን ጊዜ ኢ ኔጋቲቭ ሆና ነው። በአፍሪካ ከእናት ወደ ልጅ ከሚተላለፈው ይልቅ በልጅነት፣ በቤት ውስጥ፣ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ሲበዛ የኖረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ታዲያ «ኢ ኔጋቲቭ» የሚለው ውጤት በሁለቱ የኢትዮጵያ ወገኖች ውስጥ አንድ ዓይነት ትርጉም አለው? የለውም። ይህ የነገሩ እምብርት ስለሆነ ቀስ ብዬ ልሂድበት።

በዲ ወገን ኢ አንቲጅን ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው በአንዲት ፊደል ነው። በ1896ኛው ቦታ ላይ ያለችው ጂ ወደ ኤ ትለወጣለች (እዚህ ላይ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ የምላቸው የዲኤንኤ ፊደሎችን እንጂ የወገን ስሞችን አይደለም)። «ቲጂጂ» የነበረው ቃል «ቲኤጂ» ይሆናል፤ በጂን ቋንቋ «እዚህ ላይ አቁም» ማለት ነው። ፕሮቲኑ መሐል ላይ ተቆርጦ ይቀራል፤ ኢ አንቲጅን አይሠራም። ቫይረሱ ግን መራባቱን አላቆመም። ዝም ያሰኘው ጠቋሚውን ብቻ ነው። ኢ ኔጋቲቭ ሆና የቫይረስ መጠኗ ከፍ የሚልና የሚዋዥቅ፣ ጉበቷም የሚቆስል ሴት የምትገኘው እንዲህ ነው።

በኤ1 ግን ይህች ለውጥ ብርቅ ናት፤ ምክንያቱ የሚያምር ነው። 1896ኛዋ ፊደል ብቻዋን አትቆምም። የቫይረሱ ገመድ እዚያ ቦታ ላይ እንደ ጸጉር ማስያዣ ሽቦ ታጥፎ ይቆለፋል፤ በቁልፉ ውስጥ ከ1858ኛዋ ፊደል ጋር ፊት ለፊት ትያያዛለች። ያ ቁልፍ ቫይረሱ ራሱን ለማሸግ የሚጠቀምበት ምልክት ስለሆነ መላላት የለበትም። በዲ 1858ኛዋ ቲ ናት። ከጂ ጋር ላላ ብላ ትያዛለች፤ ጂ ወደ ኤ ስትለወጥ እንዲያውም መያያዣው ይጠብቃል። ስለዚህ ለውጡ ለቫይረሱ ይመቸዋል። በኤ1 ግን 1858ኛዋ አብዛኛውን ጊዜ ሲ ናት። ሲ እና ጂ ጥብቅ ናቸው፤ ጂን በኤ ብትተካት ቁልፉ ይላላል፤ ቫይረሱም ይከስራል። ኤ1 ኢ አንቲጅንን የሚቀንሰው በሌላ መንገድ ነው። ከ1809 እስከ 1812 ባሉት ቦታዎች ላይ ያሉ ለውጦች ፕሮቲኑ መመረት ሲጀምር ያዳክሙታል፤ በ1862 ያለው ለውጥ ደግሞ ፕሮቲኑ ተከርክሞ እንዳይወጣ ያደናቅፈዋል። በሁለቱም ወገን ሌላ ሦስተኛ መንገድ አለ። 1762 እና 1764 ላይ ያሉት ሁለቱ ፊደሎች አብረው ሲለወጡ ፕሮቲኑ የሚሠራበት መልእክት መጠኑ ይቀንሳል፤ ኢ አንቲጅን ያንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም።

የተግባሩ ነገር ይህ ነው። ኤ1 የያዛት ኢ ኔጋቲቭ እናት የቫይረስ መጠኗ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ነው። ዲ የያዛት ኢ ኔጋቲቭ እናት ግን ላትሆን ትችላለች። ካርዱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። በፈጣን መመርመሪያ የሚሠራው የኢ ምርመራ ደግሞ ከትልቁ ማሽን ጋር ሲነጻጸር ብዙ ያመልጠዋል። ስለዚህ ዝቅተኛ ኢ ያላት «ኔጋቲቭ» ልትባል ትችላለች። የቫይረስ መጠን መለካት የሚቻልበት ቦታ ላይ ሆኖ በኢ ብቻ የሚወስን ሰው ካለ፣ ስህተት እየሠራ ነው ብዬ ለመናገር አላፍርም።

የቫይረስ መጠን ልኬት ላይ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ፤ መለኪያው። የድሮ ጽሑፎች በኮፒ ይቆጥራሉ፤ አሁን የሚቆጠረው በዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። አንድ ዩኒት እንደ ማሽኑ ከአምስት እስከ ስድስት ኮፒ ያህል ነው። እናቶች መድኃኒት የሚጀምሩበት ወለል በሚሊ ሊትር 200,000 ዩኒት ሲሆን፣ ይህ ወደ አንድ ሚሊዮን ኮፒ ይጠጋል። ሁለቱን ያምታታ ሰው መድኃኒት የሚያስፈልጋትን ይተዋል፤ ወይም የማያስፈልጋትን ይጀምራል። ለሳንባ ነቀርሳ የምናውቀው የጂን ኤክስፐርት ማሽን ለሄፓታይተስ ቢ የሚሆን የራሱ ካርትሪጅ አለው፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ውጤት ይሰጣል። ማሽኑ ባለበት ጤና ተቋም ውስጥ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ካርትሪጁ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ መጠኗ ከዚህ ወለል በላይ የሆነች ነፍሰ ጡር ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ ቢያንስ እስከ ወሊድ ቴኖፎቪር እንድትወስድ ይል ነበር፤ በቀን 300 ሚሊ ግራም፣ አንድ ክኒን። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ደግሞ መንገዱን አሰፋው። መጠኑም ኢ አንቲጅኑም መለካት በማይቻልበት ቦታ ኤስ ፖዘቲቭ የሆኑ ነፍሰ ጡሮች ሁሉ ከሁለተኛው ሦስት ወር ጀምሮ እንዲወስዱ ይፈቅዳል። ለእንደ እኛ ዓይነት አገር ይህ ትክክለኛ ነገር ይመስለኛል። ጂኖታይፕን የማይጠይቅ፣ በኢ የማይታለል ውሳኔ ነው። መድኃኒቱ ሲቆም ግን ጉበቱ ሊቆጣ ስለሚችል፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የጉበት ኤንዛይሟን መከታተል ያስፈልጋል። እናትየው ልጇን ልታስከትብ መጥታ እሷን የሚያያት ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ውጭ ላሉት ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የምትወልድ ኢትዮጵያዊት የቫይረስ መጠኗ ይለካል። አሜሪካ ውስጥ ልጇ በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ ክትባቱን ከኢሚውኖግሎቡሊኑ (ተዘጋጅቶ ከሚሰጠው ፀረ እንግዳ አካል) ጋር ይወስዳል፤ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ በሌላኛው ጭን። ሐኪሟ ግን በጂኖታይፕ ሲ የተማረ ሊሆን ይችላል። «ኢ ኔጋቲቭ ነሽ፣ ደህና ነሽ» ካላት የመጠኑን ቁጥር ራሷ ብትጠይቅ ነውር የለውም።

አሁን ፊደሎቹ እንዴት እንደሚነበቡ። ስለ ነፍሰ ጡሮች የሚታተሙ የጂኖታይፕ ጥናቶችን ስታነቡ ወጥ ቤቱን ማወቅ ይጠቅማችኋል፤ ምክንያቱም ብዙው ስህተት የሚሠራው ከሠንጠረዡ በፊት ነው።

ደሙ የሚቀዳው ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ቱቦ ነው፤ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። አረንጓዴ ክዳን ያለው የሄፓሪን ቱቦ ከሆነ ሄፓሪኑ ፒሲአሩን (ዲኤንኤን የሚያባዛውን የላብራቶሪ ዘዴ) ያግደዋል፤ ቫይረስ ሞልቶ ሳለ «አልተገኘም» ይላል። ፕላዝማው በዕለቱ ተለይቶ ቢያንስ በሁለት ትንንሽ ቱቦ ይከፈልና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ሁለት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀልጦ ተመልሶ የቀዘቀዘ ናሙና ይጎዳል። መብራት በሚጠፋበት ቦታ፣ ጄነሬተሩ ሌሊት ያልተነሣበት አንድ ቀን የአንድ ዓመት ሥራ ይዞ ይሄዳል።

ከ200 ማይክሮ ሊትር ፕላዝማ ዲኤንኤው ይወጣል። ከዚያ የኤስ ጂን፣ ማለትም የሽፋኑን ፕሮቲን የሚያዘው ጂን፣ የሆነ ክፍል በሁለት ዙር ፒሲአር ይባዛል፤ የመጀመሪያው ዙር ውጤት ላይ ትንሽ ተቀንሶ ሁለተኛው ዙር ይሠራበታል። ሁለት ዙር ጥቂት ቫይረስ ያለበትን ናሙና ያወጣል፤ በዚያው ልክ ብክለትንም ያወጣል። የመጀመሪያውን ዙር ቱቦ ስትከፍት በቢሊዮን የሚቆጠር ቅጂ አየር ላይ ይወጣል። ስለዚህ ኬሚካሉ የሚደባለቅበት፣ ዲኤንኤው የሚወጣበትና ቱቦው የሚከፈትበት ክፍል መለየት አለበት፤ ሰውም ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው እንጂ ተመልሶ አይሄድም። በየዙሩ ውኃ ብቻ ያለበት ቱቦ አብሮ ይገባል። ውኃው ላይ መስመር ከታየ የዕለቱ ሥራ በሙሉ ይጣላል። በአንድ ጥናት ውስጥ ከተለያየ ቀበሌ የመጡ አምስት እናቶች ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት ቫይረስ ካላቸው፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፒፔቱ ነው።

የተባዛው በጄል ላይ ታይቶ ፊደሉ ይነበባል። ብዙ ጊዜ ናሙናው ወደ ውጭ ይላካል። የመጣው ግራፍ በዓይን ይፈተሻል። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጫፍ ተደራርቦ ከታየ ሁለት ዓይነት ቫይረስ አለ ማለት ነው፤ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ የማይሞላውን ግን የተለመደው የሳንገር ንባብ አያየውም። ከዚያ ጽሑፉ ከጂን ባንክ (የተነበቡ ጽሑፎች ከሚከማቹበት መዝገብ) ከሚወሰዱ የታወቁ ወገኖች ጋር ይደረደራል፤ የዘር ሐረጉም ይሳላል። ቅርንጫፉ ምን ያህል እንደሚታመን 1,000 ጊዜ ተደጋግሞ ይፈተናል። በዚህ ጊዜ ቁጥር ማዛባት ቀላል ነው። ቫይረሱ ክብ ስለሆነ መቁጠር የሚጀመረው በስምምነት ከአንድ የታወቀ መቁረጫ ቦታ ነው፤ ደግሞም ዲ ወገን ከኤ 39 ፊደል ያጥረዋል። ሙሉ ርዝመቱ 3,182 ሲሆን የኤ ግን 3,221 ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው የሌለ ለውጥ «አገኘሁ» ብሎ ይጽፋል።

የኤስ ጂን ብቻ ማንበብ ሌላም ጉድለት አለው። ሁለት ወገኖች አንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ ሊዳቀሉ ይችላሉ። በኤስ በኩል ዲ የሆነ ቫይረስ በሌላ በኩል ሌላ ሊሆን ይችላል። ከላይ ስለ 1896 እና ስለ 1858 የነገርኳችሁ ሁሉ ደግሞ ያለው ከኤስ ጂን ውጭ ነው። «ጂኖታይፑን አጥንተናል» የሚል ጥናት ያንን ክፍል ካላነበበ፣ ለእናትየዋ በጣም የሚጠቅመውን ገጽ ሳይከፍተው ነው ያለፈው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ማን እንደተነበበና ማን እንዳልተነበበ ነው። ፒሲአሩ የሚሠራው በቂ ቫይረስ ባለበት ደም ላይ ነው። መቶ ኤስ ፖዘቲቭ እናቶች ተወስደው ፊደላቸው የተነበበው የግማሾቹ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የቀሩት መጠናቸው ዝቅተኛ ስለሆነ አልተባዛም። ኤ1 ብዙውን ጊዜ መጠኑ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ በዚህ ወንፊት የሚያልፈው ኤ1 ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ ነው። እንበልና ከ40 ጽሑፍ 30ው ኤ ሆነ፤ 75 በመቶ ተብሎ ይጻፋል። በእርግጠኝነት መናገር የሚቻለው ግን ከ60 እስከ 86 ባለው መካከል ያለ ቦታ መሆኑን ነው። አንድ ሆስፒታል 75፣ ሌላው 65 ቢያገኝ «በክልሎች መካከል ልዩነት አለ» ብሎ መደምደሚያ መጻፍ አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ ግን ይጻፋል።

ወደ ክትባቱ ልምጣ፤ ሰዎች ስለ ቫይረስ መለዋወጥ ሲሰሙ የሚፈሩት እዚህ ላይ ስለሆነ። ክትባቱ የተሠራው በብዛት ከኤ2 ወገን የሽፋን ፕሮቲን ነው፤ ኤ2 ደግሞ የአውሮፓ ነው እንጂ የእኛ አይደለም። ያም ሆኖ ይከላከላል፤ ምክንያቱም ፀረ እንግዳው አካል የሚይዘው ኤ ዲተርሚናንት የተባለው ክፍል ከ124ኛው እስከ 147ኛው አሚኖ አሲድ ያለው በሁሉም ወገኖች ውስጥ በእጅጉ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ጣሊያን ውስጥ ክትባትም ኢሚውኖግሎቡሊንም ወስዶ ሳለ የተያዘ ሕፃን ተገለጸ። ቫይረሱ በ145ኛው ቦታ ላይ ግላይሲንን በአርጂኒን ተክቶ፣ ከተዘጋጀለት ወጥመድ አምልጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህችና መሰሎቿ በየአገሩ ተገኝተዋል፤ በኢትዮጵያ ናሙናዎችም በኤ ዲተርሚናንት ውስጥ ለውጦች ታይተዋል። ግን ጣሊያንም ታይዋንም ክትባቱን አላቆሙም፤ በተከተቡት ልጆች ዘንድ በሽታው በእጅጉ ቀነሰ። ስለዚህ «ቫይረሱ ተለውጧል፣ ክትባቱ አይሠራም» የሚል ወሬ ስትሰሙ ተናጋሪውን ስንት ልጅ እንደተያዘ ጠይቁት። እነዚህ ለውጦች ይበልጥ የሚያስቸግሩት ምርመራውን ነው። ፈጣን መመርመሪያው የሚይዘው ያንኑ ክፍል ስለሆነ፣ ቅርጹ የተለወጠ ቫይረስ መስመር ሳያሳይ ሊያልፍ ይችላል።

እዚህ ላይ ሰምና ወርቁ ይመለሳል። ኤችአይቪም ሄፓታይተስ ቢም ያላት ሴት በፊት ጊዜ ላሚቩዲን ያለ ቴኖፎቪር ወስዳ ከሆነ፣ ፖሊመሬዙ መድኃኒቱን ለመቋቋም በ204ኛው ቦታ ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜም 180ኛውና 173ኛው ይከተሉታል። ሦስቱ አብረው ሲመጡ በተደረበው ንባብ ውስጥ የሽፋኑ ፕሮቲን 164ኛና 195ኛ ቦታም ይለወጣል። በመድኃኒት የተገፋ ቫይረስ ሳያስበው የክትባቱን ፀረ እንግዳ አካል በከፊል የሚያመልጥ ይሆናል። ዛሬ የሚሰጠው የቴኖፎቪር፣ የላሚቩዲንና የዶሉቴግራቪር ጥምር ክኒን ሁለቱንም ቫይረስ ስለሚይዝ ይህ በር በአብዛኛው ተዘግቷል። የድሮ ታሪኳ ግን ካርዷ ላይ መጠየቅ አለበት።

ጂኖታይፕ የማይነግረንንም ልበል። ማን ለማን እንዳስተላለፈ አይናገርም። ባልና ሚስት ሁለቱም ኤ1 መሆናቸው ጎረቤቱም ኤ1 ሊሆን በሚችልበት አገር ማስረጃ አይደለም። መቼ እንደተያዘችም አይናገርም። «ፖዘቲቭ» ስትባል ባሏን ለምትጠረጥር ወይም ባሏ ለሚጠረጥራት ሴት ማለት ያለብን ነገር፣ እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚያዘው በልጅነቱ መሆኑን ነው።

ወሊዱ ሲደርስ ፊደሉ ኤ ሆነ ዲ፣ ሥራው አንድ ነው። ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው ክትባት፣ ብቻውን የተዘጋጀው፣ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ በጭኑ ጡንቻ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የምትሰጠው ፔንታ ይህን አይተካም። ውስጡ ያለው የዘጊ አናዳና የትክትክ ክፍል ለአራስ አይሰጥም፤ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ደግሞ ከእናት ለተያዘ ልጅ ረፍዷል። ትልቁ እንቅፋት ቦታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጤና ተቋም ውስጥ የተወለዱት ልጆች 48 በመቶ ነበሩ። ቤት ለሚወለደው ክትባቱ መሄድ አለበት። ይህ ክትባት ሙቀትን ከብዙዎቹ በተሻለ ይችላል፤ የሚገድለው በረዶ ነው። ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ሲል ይበላሻል። የበረዶ ጡብ ሳይላብ ሣጥን ውስጥ የገባ ዕለት ጠርሙሶቹ በርደው፣ መልካቸው ሳይለወጥ ይሞታሉ። ከተጠረጠረ፣ ከዚያው የምርት ዙር አንድ ጠርሙስ ሆን ተብሎ ይቀዘቅዝና ይቀልጣል፤ ሁለቱ እኩል ተነቅንቀው ይቀመጣሉ። የተጠረጠረው እንደ ቀዘቀዘው ፈጥኖ ከዘቀጠ ይጣላል።

ለሄፓታይተስ ቢ ተብሎ ብቻ በቀዶ ሕክምና መውለድ አያስፈልግም፤ ጡት ማጥባትም አይከለከልም። ይህን በሁለት መስመር የምጽፈው ነገሩ ቀላል ስለሆነ ነው፤ ቢሆንም አሁንም ጡቷን ከልክለው የሚልኳት ባለሙያዎች አሉ።

ልጁ መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ከ9 እስከ 12 ወር ሲሞላው ነው። ቀደም ብሎ መመርመር ያሳስታል። የእትብት ደም ከእናት ደም ጋር ሊደባለቅ ይችላል፤ ከክትባቱ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት የክትባቱ ፕሮቲን ራሱ ኤስ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። የኮር (የቫይረሱ ውስጠኛ ፕሮቲን) ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ከእናት የመጣ ሆኖ እስከ ሁለት ዓመት ሊቆይ ስለሚችል አይመረመርም። የሚመረመሩት ኤስ አንቲጅኑና ፀረ ኤሱ (ኤስ አንቲጅንን የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል) ናቸው፤ ፀረ ኤሱ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ዩኒት እና ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ ተጠብቋል።

ክትባቱን በጊዜው ወስዶ ሳለ የተያዘ ልጅ ሲገኝ ነው የፊደል ንባብ ዋጋው የሚታየው። የልጁ ቫይረስ ከእናቱ ጋር ጎን ለጎን ይነበባል። 145ኛው ቦታ ላይ ልጁ ተለውጦ እናቱ ካልተለወጠች ቫይረሱ ያመለጠው ከወሊድ በኋላ በክትባቱ ግፊት ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱም አንድ ከሆኑና ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ምክንያቱ ከፍተኛ መጠን፣ የዘገየ ክትባት ወይም የበረደ ጠርሙስ ነው። ይህን ለማወቅ የእናትየው የእርግዝና ጊዜ ፕላዝማ ያስፈልጋል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ፣ የካርድ ቁጥሯና የሳምንቱ ቁጥር ተጽፎበት፣ ሁለተኛው ትንሽ ቱቦ።